ከላይ ያለነው እኛ ነን
ስለ ባሕር ፈረስና ስለ ልጆቻችን በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ የማኅበራችን ጸሐፊ ባለፈው ቅዳሜ ያደረጉት ንግግር ነው። በሥራ ምክንያት ሊገኙ ላልቻሉ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል። በንግግሩ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።



ከሁሉ አስቀድሜ ከእንቅልፋችሁም ከሥራችሁም ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ላደረ ሰው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስብሰባ መምጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። የእኔም ባለቤት እዚያ ጥግ ተቀምጦ ዓይኑ እየተከደነ ነውና ብዙ አላስረዝምም።

የዛሬው ጉዳይ የባሕር ፈረስ ነው። ማስታወቂያውን ስለጥፍ አንዳንዶቻችሁ ስቃችኋል። አንዲት እኅታችን «የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቶ ሳለ ስለ ፈረስ ትሰበስቢናለሽ?» አለችኝ። ጣና ዳር ያደጉ አንድ አባታችን ደግሞ «ጉማሬ ማለትሽ ከሆነ እኔ ልንገራቸው፤ አብሬው ነው ያደግሁት» አሉኝ። አባታችን ብዙም አልተሳሳቱም፤ ግሪኮች ጉማሬን የወንዝ ፈረስ ብለው ነው የሰየሙት። እኔ የምናገረው ግን ስለ ትንሹ ነው፤ በእጅ መዳፍ ላይ ሊቀመጥ ስለሚችለው ዓሣ።

ነገሩ የተጀመረው በእኔው ቤት ነው። ባለፈው ጸደይ ሳሎናችንን ቀለም ስንቀባ ውለን፣ ብሩሹን ያጠብኩበትን ባልዲ ይዤ ወረድኩና መንገድ ዳር ባለው የጎርፍ ቱቦ ልደፋው ስል፣ ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጄ እጄን ያዘኝ። «እማዬ ተይ! ይኼ እኮ ወደ ባሕር ፈረሱ ነው የሚሄደው!» አለኝ። እኔ ደግሞ ደክሞኛል፣ ጀርባዬን አሞኛል፤ «ዝም በል፣ የምን ፈረስ ነው የምታወራው» ብዬ ደፋሁት። ልጁ ዝም አለ። ማታም እራቱን አልበላም።

ሲመሽ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ አመጣልኝ። የባሕር ፈረስ ሥዕል አለበት፤ ከሥሩ ሣር፣ ከላዩ ወንዝ፣ ከወንዙ በላይ ደግሞ ሕንፃዎችና መንገድ ተሥለዋል። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከበደኝ። እሱ ሊያስረዳኝ ጀመረ፤ ግን አማርኛው ከመሐል ያልቅበታል። እኔም የእሱን ነገር የምጠይቅበት እንግሊዝኛ አጣሁ። እናትና ልጅ አንድ ወረቀት መሐላችን አስቀምጠን ተያየን። ወገኖቼ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ይኸው ልጅ ነው የሚያነብልኝ። የሐኪም ቀጠሮ ላይ እሱ ነው አስተርጓሚዬ። ያን ጊዜ አምነዋለሁ። ስለ ቱቦው ሲነግረኝ ግን ዝም በል አልኩት። ይኼ ነገር ከነከነኝ። ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት አብረን መሄድ ጀመርን፤ መምህርቱንም ጠየቅሁ፤ የማላውቀውን እሱ እያነበበልኝ፣ እሱ የማያውቀውን አማርኛ እኔ እየሰጠሁት ተማርን። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

እንግዲህ የባሕር ፈረስ ምንድነው? ዓሣ ነው። ግን ቅርፊት የለውም፤ ሰውነቱ በአጥንት ቀለበት የተሠራ ነው። ራሱ የፈረስ ይመስላል፤ ጅራቱ እንደ እስስት ይጠመጠማል፤ ዓይኖቹም እንደ እስስት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያያሉ። ጥርስም ጨጓራም የለውም። ስለዚህ የበላው ሳይቆይ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳትን በቱቦ አፉ ሲመጥ ይውላል። ቆሞ ነው የሚዋኘው፤ በጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ በሰከንድ እስከ 35 ጊዜ ትርገበገባለች፤ እንዲያም ሆኖ ከዋና ደካሞች አንዱ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የሚያረግዘው ወንዱ መሆኑ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአባትየው ሆድ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ታኖራለች፤ እሱ ሦስት ሳምንት ያህል ተሸክሞ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይወልዳል። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ይኼንስ ለልጆቹ ባታስተምሩ» ብሎኛል። ከእነዚያ ሁሉ ልጆች ታዲያ ከመቶው አንዱ እንኳ ለአቅመ አዳም አይደርስም።

በእኛ በኩል ባለው የአሜሪካ ምሥራቅ ባሕር የሚኖረው ዓይነት ባለ መስመሩ የባሕር ፈረስ ይባላል። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በታችኛው ክፍል ይገኛል። ቁጥሩ እየቀነሰ በመሄዱ ለአደጋ ከተጋለጡት ፍጥረታት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዓለም ላይ የባሕር ፈረስን የሚያጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መረብ ነው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት እንደገመተው፣ ሌላ ዓሣ ለማጥመድ በተጣለ መሣሪያ በዓመት ወደ 37 ሚሊዮን የሚሆን የባሕር ፈረስ አብሮ ይያዛል። ብዙው ደርቆ ለባህል መድኃኒት ወይም ለመታሰቢያ ዕቃ ይሸጣል። በዚህም ምክንያት በ2002 አገሮች ተስማምተው፣ ከ2004 ጀምሮ የባሕር ፈረስ ንግድ በዓለም አቀፍ ውል ቁጥጥር ሥር ሆኗል፤ ኢትዮጵያም የዚያ ውል አባል ናት። ስለዚህ ባሕር ዳር ስትዝናኑ የደረቀ የባሕር ፈረስ በቁልፍ መያዣ ላይ ብታዩ ለልጆች አትግዙ። ሁለተኛው አጥፊ ደግሞ የመኖሪያ ማጣት ነው፤ እኛን የሚነካንም ይኸኛው ነው።

የባሕር ፈረስ መኖሪያ ሣር ነው። ባሕር ውስጥ የሚበቅል፣ ሥር ያለው፣ አበባና ዘር የሚያፈራ እውነተኛ ሣር አለ። የባሕር ፈረስ ዋና ስለማይችል ማዕበል እንዳይወስደው ጅራቱን በሣሩ ላይ ጠምጥሞ ይኖራል። ሣሩ ለእሱ ቤቱ ነው፤ ጓዳውም ነው፤ መደበቂያውም ነው። ሣር ደግሞ ሣር ነው፤ ብርሃን ይፈልጋል። ውኃው ከደፈረሰ ፀሐይ ታች ድረስ አትወርድም፤ ፀሐይ ካልወረደች ሣሩ ይሞታል፤ ሣሩ ከሞተ ፈረሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። ልጄ በሥዕሉ ላይ ያሳየኝ ይህንን ነበር።

አሁን በዚሁ በቨርጂኒያ የሆነውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁ ቢሰሙት የሚጠቅማቸው ታሪክ ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ የባሕር ሣርን የሚያደርቅ በሽታ መጥቶ፣ በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ ከነበረው ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ጨረሰ። በነሐሴ 1933 ደግሞ በቨርጂኒያ ላይ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ወረደ። በአትላንቲክ በኩል ባሉት የቨርጂኒያ ጥልቅ ያልሆኑ ባሕረ ሰላጤዎች ውስጥ ሣሩ ፈጽሞ ጠፋ። በሣሩ ውስጥ የሚኖር ስካሎፕ የሚባል ባለ ዛጎል ፍጥረት ነበር፤ ሰዎች እሱን አጥምደው በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር፤ ሣሩ ሲጠፋ እሱም ጠፋ፤ የእንጀራ ገመዳቸውም ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ታቹ ባዶ ጭቃ ሆኖ ኖረ። ሰውም ረሳው። የረሳ ሰው ደግሞ የጎደለበትን አይጠይቅም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሳውዝ ቤይ በሚባለው ቦታ ትንሽ የሣር ቁራጭ በቅሎ ተገኘ። የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ሊቅ የነበሩት ዶክተር ሮበርት ኦርዝና ጓደኞቻቸው ይህን ሲያዩ፣ ጠፍቶ የነበረው ዘር እንጂ የሚበቅልበት ቦታ አለመሆኑን ተረዱ። ከ1999 ጀምሮም መዝራት ያዙ።

አዘራራቸው እንደ ገበሬ ነው። በጸደይ ወራት በጎ ፈቃደኞች ባሕር ውስጥ ፊታቸውን ነክረው፣ ዘር የያዘውን የሣር ቅርንጫፍ በእጃቸው እየለቀሙ በከረጢት ይሰበስባሉ። ሣሩ በጋውን በገንዳ ውኃ ውስጥ ይቆይና ዘሩ ሲበስል ይራገፋል፤ ከዚያ ያበጥሩታል። እዚህ አገር ቅጠል በሚረግፍበት ወራት በጀልባ ሄደው ዘሩን በእፍኝ ይበትናሉ። ይኸው ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ አደረጉ። በጠቅላላው ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር በ500 ኤከር ላይ ዘሩ። ሣሩ በራሱ እየዘራ ተስፋፍቶ ወደ 9,000 ኤከር ደረሰ።

አባቶቻችን ጋሻ መሬት ያውቃሉ፤ አንድ ጋሻ 40 ሔክታር፣ ወደ 100 ኤከር ገደማ ነው። ስለዚህ አምስት ጋሻ ዘርተው ዘጠና ጋሻ አገኙ ማለት ነው። በዓለም ላይ እንደዚህ የተሳካ የባሕር ሣር ማገገም የለም ይባላል። ዓሣው ተመለሰ፤ ሣሩ ጭቃውን ስለያዘው ውኃው ይበልጥ ጠራ፤ ስካሎፑንም እንደገና ማርባት ጀመሩ። ለባሕር ፈረሱም ጅራቱን የሚጠመጥምበት ነገር ተገኘ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ያ የተሳካው ቦታ በውቅያኖሱ በኩል ነው፤ ትልቅ ወንዝ አይገባበትም፣ ሰውም ብዙ አይኖርበትም፤ ውኃው ንጹሕ ነው። ያንኑ ዓይነት ዘር ከዚህ ወዲህ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥና ወደ እሱ በሚገቡት ወንዞች ዘርተውት ነበር። አንዳንዱ ጥቂት ጊዜ በቅሎ ሞተ። ለምን? አንደኛው ሙቀት ነው፤ በ2005 በጋው እጅግ ሞቆ በታችኛው ባሕረ ሰላጤ ብዙ ሣር ተቃጥሏል። ሁለተኛው የውኃው መደፍረስ ነው። ዘሩ አንድ ነው፤ ሠራተኞቹም እነዚያው ናቸው፤ ውኃው ግን ተለያየ። የዛሬው ንግግሬ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፦ ዘር የሚዘሩ ሰዎች አሉ፤ ውኃውን የሚያጠሩት ግን ከላይ ያሉ ሰዎች ናቸው።

የአህያንና የጅብን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አያ ጅቦ ከወንዙ በላይ ሆኖ ይጠጣል፤ አህያ ከበታች ትጠጣለች። ጅብ ሊበላት ፈልጎ «ውኃዬን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» አላት። እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። በዚህ ተረት ሁልጊዜ ራሳችንን በአህያዋ ቦታ ነው የምናስቀምጠው። በአገራችንም በሰው አገርም ከበታች የሆንን ይመስለናል። በዚህ ጉዳይ ግን፣ ወገኖቼ፣ ከላይ ያለነው እኛ ነን።

እንዴት ቢባል፣ ከሕንፃችን ፊት ለፊት ያለው የጎርፍ ቱቦ እንደ መጸዳጃ ቤታችን ቱቦ ወደ ማጣሪያ አይሄድም። እኔ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ቀጥታ ወደ ጅረት ነው የሚገባው። የእኛ ሰፈር ውኃ ወደ ሆምስ ረን ይወርዳል፤ ልጆቻችን ብስክሌት የሚነዱበት ጅረት ማለት ነው። ሆምስ ረን ካሜረን ረን ይገባል፤ ካሜረን ረን ፖቶማክ ይገባል፤ ፖቶማክ ወደ 100 ማይል ገደማ ወርዶ ቼሳፒክ ይደርሳል። በዚሁ ሁኔታ ከስድስት ክፍላተ ግዛትና ከዋሽንግተን ከተማ፣ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት አገር ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል።

የእኔ አንድ ባልዲ ቀለም ብቻውን የባሕር ፈረስ አይገድልም፤ ላጋንን አልፈልግም። ነገር ግን 18 ሚሊዮን ሰው አንድ አንድ ባልዲ ካለው ነገሩ ሌላ ነው። አፈር፣ የውሻ ኩስ፣ ለሣር የሚበተን ማዳበሪያ፣ የመኪና ማጠቢያ ሳሙና፣ ሁሉም ይወርዳል። ማዳበሪያና ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ሲገቡ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበዛሉ፤ ዝቃጩም ፀሐይን ይጋርዳል።

ይህ እንዲያው ግምት አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያለው የሣር ዓይነት ሁሉ ተደምሮ በ1984 38,000 ኤከር ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ቀድሞ በ1983 የአካባቢው መንግሥታት ባሕረ ሰላጤውን ለማዳን ተስማሙ። ውኃ የሚያበላሸው ፎስፌት ከልብስ ሳሙና እንዲወጣ ተደረገ፤ በሜሪላንድ በ1985፣ በዲሲ በ1986፣ በቨርጂኒያ በ1988። የፍሳሽ ማጣሪያዎች ተሻሻሉ። ሣሩም እያገገመ ሄዶ በ2017 ከ100,000 ኤከር በላይ ሆነ። በ2018 ግን ዓመቱን ሙሉ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ጎርፉ ከየመንገዱና ከየእርሻው ያገኘውን ጠርጎ አወረደ፤ በ2019 ሣሩ ወደ 66,000 ኤከር ወረደ። ሠላሳ ዓመት የተገነባው በአንድ ዓመት ጎርፍ ሲሦው ሄደ ማለት ነው። ዝናቡን እኛ አናቆመውም። ዝናቡ ምን ይዞ እንደሚወርድ ግን እኛ ነን የምንወስነው።

እንግዲህ ልጆቻችንን እንዴት እናስተምር? እኔ መምህር አይደለሁም፤ በቤቴ ሞክሬ የሆነልኝን አምስት ነገር ብቻ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ በአማርኛ እናውራቸው። ልጆቹ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይማሩታል፤ ቤት ሲመጡ ግን የሚናገሩበት ቃል ስለሌላቸው ዝም ይላሉ። እኛም ምንም አልተማሩም እንላለን። የባሕር ፈረስ፣ የባሕር ሣር፣ ጅረት፣ መደፍረስ፣ መጥራት፣ ማገገም፤ እነዚህን ስድስት ቃላት ስጧቸው። ቀሪውን እነሱ ይነግሯችኋል።

ሁለተኛ፣ በማስፈራራት አንጀምር። ልጄ ያን ማታ እራት ያልበላው ፈረሱ በእናቱ እጅ የሞተ መስሎት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የዓለምን ጥፋት መሸከም የለበትም። መጀመሪያ ስለሚያረግዘው አባት ንገሯቸው፤ ይሥቃሉ። ቀጥሎ ስለ ዘጠና ጋሻው ሣር ንገሯቸው። የጠፋ ነገር ሊመለስ እንደሚችል ያወቀ ልጅ ለመሥራት ይነሣል፤ ሁሉም አለቀ የተባለ ልጅ ግን ጆሮውን ይደፍናል።

ሦስተኛ፣ በዓይናቸው እናሳያቸው። ሁለት ብርጭቆ ውኃ አቅርቡ። በአንዱ አንድ ማንኪያ አፈር ጨምራችሁ አማስሉ። ከአንድ ጎን የስልካችሁን መብራት አብሩ፤ ልጁ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት ይያዝ። በጠራው ውኃ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ይደርሳል፤ በደፈረሰው አይደርስም። «አሁን አንተ ሣሩ ብትሆን የቱ ጋ ትበቅላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብርጭቆውንም እንዳትደፉት፤ አሳድሩት። ጠዋት አፈሩ ዘቅጦ ውኃው ጠርቶ ያገኘዋል። ሳያማስሉት ከተዉት ይጠራል ማለት ነው። የእኔ ልጅ ይህን ሲያይ ወዲያው ገብቶታል፤ እኔ ራሴም ከመጽሐፉ ይልቅ ከብርጭቆው ነው የተማርኩት።

አራተኛ፣ መንገዱን በእግር አብረን እንሂድ። ከሕንፃችን በር ቱቦው ድረስ፣ ከቱቦው እስከ ሆምስ ረን። ጅረቱ ላይ ቆመው የትኛው ፌስታል ከየት እንደመጣ ይዩ። ለፌስታል አምስት ሳንቲም የምንከፍለው፣ በዲሲ ከ2010፣ በእኛ በአሌክሳንድሪያ ደግሞ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል፤ እኛም ማጉረምረሙን እንቀንሳለን። ተማሪዎች በክፍላቸው ውስጥ የወንዝ ሣር በገንዳ አሳድገው፣ ሲደርስ ወስደው ወንዝ ውስጥ የተከሉባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። የልጆቻችሁን መምህራን ጠይቁ።

አምስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ልጅ የሚማረው ከምንናገረው ሳይሆን ከምናደርገው ነው። ስለ ባሕር ፈረስ አንድ ሰዓት አስተምረን፣ በማግሥቱ እሱ እያየ ባልዲ ቱቦ ውስጥ ብንደፋ፣ የተማረው ባልዲውን ነው።

እዚህ ላይ፣ ወንድሞቼ፣ አትቆጡኝ፤ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ከሕንፃው ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ አንዳንዶቻችን የመኪና ዘይት እንቀይራለን። ምክንያቱን አውቃለሁ። ታክሲ ሲነዳ የሚውል ሰው ለዘይት መቀየሪያ በየጊዜው ገንዘብ ከከፈለ ምን ይተርፈዋል? የእኔም ባለቤት እዚያው ነው የሚቀይረው። ነገር ግን የተቃጠለው ዘይት ቱቦው ውስጥ ሲደፋ አይቻለሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ከአንድ መኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ልጆቹ በመስኮት እያዩን ነው። እነሱ ዝም ስላሉ ያላዩ አይምሰላችሁ፤ ዝም በል ስላልናቸው ነው።

ስለዚህ ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን ለመፍትሔ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. ማኅበሩ ክዳን ያለው የዘይት መያዣ ከመዋጮው ገዝቶ ለአንድ ኃላፊ ይስጥ። ዘይት የቀየረ ሁሉ እዚያ ይገልብጥ። ብዙ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች የተቃጠለ ዘይት በነፃ ይቀበላሉ፤ ከወጣቶቹ ሁለቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ያድርሱ። ከመያዣው ዋጋ በቀር ወጪ የለውም።

2ኛ. መኪና በሳሙና የምናጥብ ሰዎች ከአስፋልቱ ይልቅ ሣር ላይ አቁመን እንጠብ፤ ውኃው አፈር ውስጥ ገብቶ ይጣራል። የማይቻል ከሆነ ውኃውን የሚያጣራ ማጠቢያ ቤት ይሻላል። የቀለምና የወለል ማጠቢያ ባልዲ ደግሞ ውስጥ ባለው መታጠቢያ ይደፋ፤ ያ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ይህን በራሴ ጀምሬአለሁ።

3ኛ. በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ወላጆችና ልጆች አብረን ከቱቦው እስከ ሆምስ ረን በእግር እንሂድ፤ ቆሻሻም እንልቀም። ልጆቹ ያስረዱን፤ እኛ እንስማ። እናቶች ዳቦና ሻይ እንይዛለን።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ቃል። እናቴ በልጅነቷ ቀበና ወንዝ ውስጥ ልብስ ታጥብ እንደነበረ ትነግረኝ ነበር። እኔ ሳድግ ወንዙን የማውቀው በሽታው ነው። ማን አበላሸው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እንደዚሁ የተፈጠረ ነበር የመሰለኝ። ልጆቻችን ግን እየጠየቁን ነው። የሚጠይቅ ልጅ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ መልሱ ደግሞ ዝም በል መሆን የለበትም።

ልጄ ስለ ቀለሙ ባልዲ እስካሁን አልረሳም። ትናንት ማታ ወለል ጠርጌ ባልዲውን ሳነሣ ከክፍሉ ወጥቶ ተከተለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስደፋው ቆሞ አየና ምንም ሳይል ተመልሶ ሄደ። እኔም ምንም አላልኩም።



ከጽሕፈት ቤቱ፦ ከንግግሩ በኋላ በተደረገው ውይይት 1ኛውና 3ኛው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝተዋል። 2ኛው፣ መኪና በሣር ላይ ማቆም ከሕንፃው ደንብ ጋር እንዳይጋጭ ተጠይቆ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲወሰን ተላልፏል። ለእግር ጉዞው የሚመዘገቡ ወላጆች የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ስም ከዚህ በታች በተሰቀለው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ልጆች ራሳቸው በአማርኛ ቢጽፉ ይመረጣል።

የማኅበሩ ጸሐፊ